የሩፋኤል ዝናብና የእናቴ ነጠላ

ባለፈው ሳምንት ቬሊንግቢ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለ ጫማ ሰፊ ጫማዬን ላሠራ ገባሁ። ሰውዬው አንድ የቆዳ ቦት ጭኑ ላይ አድርጎ ሰም በተቀባ ጨርቅ እያሸው ነበር። ቤቱ ሰም ሰም ይላል፤ ያውም የንብ ሰም፣ ጧፍ የሚሠራበት ዓይነት። ሥራውን ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ ጣቱን የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ቦቱን ረጨው። ውሃው ቆዳው ላይ ክብ ክብ ሆኖ ቀረ። ሁለት ጠብታዎች ተንከባልለው ተገናኙ፣ ለአፍታ ጎን ለጎን ቆሙ፣ ከዚያ ድንገት አንድ ሆኑና ተንሸራትተው ወለሉ ላይ ወደቁ።

«አምስት!» አልኩት ሳላስበው፣ ያውም በአማርኛ።

ሰውዬው ምን ሆነች በሚል ዓይን አየኝ። ይቅርታ ጠይቄ ጫማዬን አስረክቤው ወጣሁ። ቤቴ ከዚያ ሦስት ጣቢያ ነው። ግን መውረጃዬ ሲደርስ አልወረድኩም፤ ያው ባቡር ከተማውን አቋርጦ ሮግስቬድ ድረስ ስለሚሄድ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሮግስቬድ ያደግኩበት ሰፈር ነው። ስደርስ ሕንጻችን ቀለሙ ተቀይሯል፣ ዥዋዥዌው ግን ያው ዥዋዥዌ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነውን አንድ በአንድ አስታወስኩ።

በዚያ ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባርንሞሽካዋ፣ ማለት እርግዝናዋን የምትከታተለው አዋላጅ፣ ብዙ እንዳትንቀሳቀስ ስለነገረቻት ከነሐሴ መጀመሪያ አንስቶ ሶፋ ላይ ውላ ሶፋ ላይ ታመሻለች። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ትጠመጥማለች፣ እንደዚያው ሆና ትተኛለች። ስትስል ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ስታስነጥስ ትይዛለች፣ ስትስቅ እንኳ ትይዛለች። እኔ ቀስ ብሎ መሳቅ የእርጉዝ ሥርዓት ነው ብዬ አምን ነበር። አባቴ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኪስታ፣ ይሠራ ስለነበር ጠዋት ወጥቶ የሚመጣው ምሽት ላይ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ እኔን የሚረከቡኝ ከላያችን ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ስንዱ ሆኑ።

እትዬ ስንዱ ስዊድን የመጡት ገና በወጣትነታቸው ለኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ያኔ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነበር። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር አንድ ማጉያ መነጽር ያንጠለጥላሉ፤ ከመስቀላቸው ጋር እየተላተመ ሲራመዱ ቅጭል ቅጭል ይላል። ምን ይሠሩ እንደነበር በጠየቅኳቸው ቀን «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝናብ እያዘነብኩ ደመወዝ በላሁ» አሉኝ።

እኔም አመንኩ። ለምን አላምንም? ስቶክሆልም ውስጥ ይህን ሁሉ ዝናብ የሚያዘንብ አንድ ሠራተኛ መኖር ነበረበት። የክፍላችን የደን ሽርሽር በዶፍ የተበላሸ ጊዜ እሳቸውን ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን አውጣጥተው ሲያገኙት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ።

ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ከሥሩ እንደ ሻወር የተበሳሳ የመስተዋት ዕቃና ጥልፍ የሚጠለፍበት ዓይነት ክብ የእንጨት ቀለበት ነበር። የዝናብ ልብስ በሚፈተንበት ላቦራቶሪ ነበር የሚሠሩት። ጨርቁን ቀለበቱ ላይ ወጥረው ያጋድሙታል፣ በተበሳሳው ዕቃ አንድ ኩባያ ውሃ ያዘንቡበታል፣ ውሃው ሲያልቅ ቀለበቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጉና ውጤት ይሰጡታል። አንድ ማለት ጨርቁ ውሃውን ጠጥቶ በስብሷል ማለት ነው። አምስት ማለት አንዲት ጠብታ እንኳ አልያዘም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ያልተፈተነ ጨርቅ የለም። የአባቴ ከረባት ሁለት አገኘ። ትምህርት ቤት የምለብሰው የጎማ ዝናብ ልብሴ አምስት። የእናቴ ነጠላ፣ ያ ሆዷ ላይ የምትጠመጥመው፣ አንድ አገኘ፤ ውሃውን እንዴት እንደጠጣው እትዬ ስንዱን ራሳቸውን ገረማቸው። «እግዚኦ! ጥም የያዘው ጨርቅ ነው» አሉ። ውጤቱን ሁሉ ማቀዝቀዣቸው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት እጽፋለሁ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። እኔ በዚያን ጊዜ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ የምመልሰው በስዊድንኛ ነው። እናቴ ተስፋ ቆርጣ ትታኛለች። እትዬ ስንዱ ግን «የዚህ ላቦራቶሪ ቋንቋ አማርኛ ነው» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። በስዊድንኛ ከጠየቅኳቸው ግድግዳውን ያያሉ፣ ጆሮ የሌላቸው ይመስላሉ። እሳቸው ራሳቸው ሠላሳ ዓመት በስዊድንኛ የሠሩ ሴትዮ!

መደርደሪያቸው ላይ ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ የሚነፋበት ሁለት ዓይነት ነገር ነበር። ታች ያለው አረንጓዴ ጠርሙስ ራሳቸው የሚቀምሙት ነው፤ የንብ ሰም አቅልጠው ከሳሙና ውሃ ጋር ይመቱታል። ጨርቅ ላይ ከተነፋ በኋላ ሙቀት ካላገኘ አይዝም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከድሮ ሥራቸው የተረፈ ቀይ ጣሳ አለ። የቀዩን ኃይል አንድ ጊዜ በረንዳ ላይ አሳይተውኛል፤ ጠብታው ጨርቁ ላይ አርፎ አያውቅም፣ ይነጥራል።

«ከአረንጓዴው ይበልጣል» አልኩ።

«ይበልጣል። ግን ሰውነት ውስጥ ከገባ አይወጣም። አንድ ቀን ሰው ሆኜ ወስጄ እጥለዋለሁ። አንቺ እንዳትነኪው፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

እውነትም ሰምቻለሁ። ግን ያሰብኩት ስለ ኃይሉ እንጂ ስለ አደጋው አልነበረም።

እትዬ ስንዱ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ኮሎኒ፣ ማለት ከተማው የሚያከራየው ትንሽ የአትክልት ቦታ፣ ነበራቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ይዘውኝ ሄዱ። ጎመን ነው የሚተክሉት፣ የሀገር ቤት ጎመን፣ ዘሩ በፖስታ የመጣ። ቅጠሎቹ ላይ ጤዛው ፍርክስክስ ብሎ እንደ ጨሌ ተበትኗል። ጣቴን ሳስጠጋ ይሸሻል።

«ለምንድነው ቅጠሉ የማይረጥበው?» አልኩ በስዊድንኛ።

እትዬ ስንዱ ባቡሩን ያዩ ጀመር።

«ለምን… አይረጥብም… ጎመን?»

«እሱማ ጥሩ ጥያቄ ነው!» አሉ ወዲያው፣ ማጉያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው እየሰጡኝ። «ቅጠሉ ሰም አለው። ሰሙ ለስላሳ እንዳይመስልሽ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥር በስንጥር ነው። በየስንጥሩ መሃል ደግሞ አየር ተቀምጧል። ጠብታዋ ያረፈችው አየር ላይ ነው። ቅጠሉን የነካችው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው።»

«ወንበር ላይ?»

«አዎ፣ የአየር ወንበር። አሁን ትልልቆቹን ተያቸው። ጥቃቅኖቹን እያቸው፣ እነዚያን እንደ ዱቄት ያሉትን። አትተንፍሺ።»

ትንፋሼን ያዝኩ። በማጉያው ውስጥ ሁለት ዱቄት የሚያህሉ ጠብታዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ነካ ተደራረጉ። ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። የት እንደገቡ ስፈልግ ሌሎች ሁለት ተገናኝተው እነሱም ጠፉ።

«ዘለሉ!» አልኩ።

«ዘለሉ። የሚገፋቸው ነፋስ የለም፣ ቅጠሉን የነቀነቀ የለም። ለምን ይመስልሻል?»

ደስ ብሏቸው ነው አልኩ። እትዬ ስንዱ ይህን መልስ አልናቁትም፤ እንደ አዋቂ ሰው መልስ አስበውበት «ሊሆን ይችላል» አሉ። «እኔ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ውሃ ቆዳ አለው እንበል። ሁለት ጠብታዎች አንድ ሲሆኑ፣ ሁለቱን ለየብቻ ይሸፍን የነበረው ቆዳ ለአንዱ ይበዛበታል። የተረፈው ጉልበት ይሆናል። ያ ጉልበት ነው የሚያዘልላቸው።»

«ትልልቆቹስ?»

«ትልልቆቹ እንደኔ ከብዷቸው ነው። ደስ ይላቸዋል፣ ግን አይዘሉም።»

ከዚያ በኋላ የኔ ነገር ጠብታ ብቻ ሆነ። አውቶቡስ መስኮት ላይ፣ ሻወር ቤት፣ የሾርባ ሳህን ዘይት ላይ፣ የትም። እትዬ ስንዱ የጧፍ ቁራጭ አብርተው የሳህን ጀርባ በጥላሸት አጠቆሩልኝ። ጥላሸቱ ላይ ከፍ አድርጌ ጠብታ ስጥል ነጠረች፣ እንደገና ነጠረች፣ ሦስት ጊዜ ነጥራ ዓይን ሆና ተቀመጠች። ሁለት ጠብታዎችን በስንጥር እንጨት ገፍቼ ሳስጠጋቸው ወዲያው አይዋሃዱም። ይነካካሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዳንዴ ተመልሰው ይለያያሉ።

«ተጣልተዋል?» አልኩ።

«በመሃላቸው የቀረ ቀጭን አየር አለ። እሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ነው።»

ያን ጊዜ ብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ የቆየሁትን ጥያቄ ጠየቅኩ። «ትንሿ ትልቋ ውስጥ ስትገባ ትሞታለች?»

እትዬ ስንዱ ጧፉን እፍ ብለው አጠፉ። ለምን ጠየቅሽ አላሉኝም። ከማቀዝቀዣው ቀይ ሥር አውጥተው ቆረጡ፣ በጭማቂው አንዲት ትንሽ ጠብታ አቀለሙና ከትልቋ ነጭ ጠብታ ጎን አስቀመጧት። «አንቺ ግፊያት» አሉ። ገፋኋት። ገባች። መጀመሪያ ትልቋ ውስጥ እንደ ክር ሆና ተጠማዘዘች። ቆይታ ደበዘዘች። በመጨረሻ ጠብታዋ በሙሉ ፈዛዛ ሮዝ ሆነች።

«የታለች?» አሉኝ።

«የለችም።»

«እስቲ ደህና አድርገሽ እይ።»

አየሁ። «ሁሉም ቦታ» አልኩ።

«እንደዚያ ነው» አሉና ሳህኑን ለማጠብ ፊታቸውን አዞሩ። ሳህኑ ጥላሸት ስለነበር ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

እናቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም አርግዛ ነበር። እኔ ያኔ የተነገረኝ ሆዷን አሟት ሆስፒታል ገባች የሚል ነው። ሕፃን ነበረ፣ አሁን ግን የለም ያለኝ ሰው አልነበረም፤ የሕፃን አልጋ ተገዝቶ ሲመለስ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ኮሪደር ላይ ቦት ጫማዬን እየታገልኩ ሳለ እናቴ ለእትዬ ስንዱ ስትናገር ሰማሁ። «ባለፈው እኮ ውሃው ነው አለጊዜው የፈሰሰብኝ፤ ገና በስድስተኛ ወሬ። አሁንም ያንኑ ወር ልይዝ ነው። እንቅልፍ የለኝም እትዬ። ሌሊት ሌሊት ነጠላዬን እዳብሳለሁ፤ እርጥብ ነገር የነካኝ ይመስለኛል።»

እትዬ ስንዱ የመለሱት አልተሰማኝም። አንድ እግሬ ቦት ውስጥ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

የእንሽርት ውሃ የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። የገባኝ ይህ ነው፤ ሕፃኑ ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃው ከፈሰሰ ሕፃኑ አይኖርም፣ ውሃው እንዳይፈስ እናቴ ነጠላ ጠምጥማለች። ነጠላው ደግሞ ያገኘው ውጤት አንድ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በእጄ ጽፌ ማቀዝቀዣ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝና። ሌሊቱን እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ዕድሉ የተገኘው ልብስ ስናጥብ ነው። እናቴ ስለማትንቀሳቀስ የእኛንም ልብስ ምድር ቤት ባለው የሕንጻው ማጠቢያ ክፍል የሚያጥቡት እትዬ ስንዱ ሆነዋል። እዚያ ሰዓት የሚያዘው ሰሌዳ ላይ የራስን ቁልፍ ሰክቶ ነው፤ አንድ ጎረቤት በሰዓታችን ገብቶ ማሽን ይዞ ተገኘ። እትዬ ስንዱ ደግሞ በሰዓታቸው ከመጡባቸው ምሕረት የላቸውም። እሳቸው በር ላይ በጠራ ስዊድንኛ ሰውዬውን መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡት፣ እኔ ከመደርደሪያቸው አንስቼ የደበቅኩትን አረንጓዴ ጠርሙስ ከቦርሳዬ አወጣሁ። የታጠበውን ነጠላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አንዱን ፊት ነፋሁ፣ ገለበጥኩት፣ ሌላውን ነፋሁ። ጥለቱን እንኳ አልማርኩትም። ከዚያ ሙቀት ካላገኘ አይዝም ያሉት ትዝ ብሎኝ የልብስ ማድረቂያው ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬ ሙቀቱን ጫፍ አደረስኩት።

ማታ እናቴ ነጠላውን ስትጠመጥም ቆም አለች። «እንዴ፣ ምን ሆኗል? ደረቅ አለብኝ።» አሸተተችው። «ጧፍ ጧፍ ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ያለሁ መሰለኝ እኮ።»

በዚያ ሌሊት ተኛች። አባቴ ጠዋት «ለጉድ ተኝተሽ አደርሽ» ሲላት ሰማሁ። በሚቀጥለውም ሌሊት ተኛች። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዱን እየዘለልኩ ነበር፤ እናቴንና ወንድሜን ብቻዬን አዳንኩ ብዬ ነው። ሚስጥሩ ይከብደኝ የጀመረው ሩፋኤል ሲመጣ ነው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ ዋለ። እትዬ ስንዱ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለ ጃንጥላ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ፊታቸው ሰርግ የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

«ዛሬ ሩፋኤል ነው» አሉኝ መንገድ ላይ፣ ሳልጠይቃቸው። «ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው። ዛሬ የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው። እኛ ልጆች ሳለን ልክ ሲያካፋ ልብሳችንን ጥለን ግቢ ውስጥ ውልቅ! እናቶቻችን ደግሞ በየዕቃው እየተቀበሉ ሊጥ ላይ ጠብ ያደርጉበታል።»

«ዝናቡን የሚያዘንበው እርስዎ ነዎት ወይስ ሩፋኤል?» አልኩ፤ አሁን መቀለድ ችያለሁ።

«የዛሬው የሱ ነው፤ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሩፋኤል ደግሞ የእርጉዝ መልአክ ነው። እናትሽ ከነገ ወዲያ ስድስተኛ ወሯን ትይዛለች። የምታድርበትን ነጠላ ዝናቡ ላይ ዘርግተን በደንብ እናረጥበውና ሆዷ ላይ እናደርግላታለን። ልቧ ያርፍላታል።»

መንገዱ ላይ ቆም አልኩ። «የእርስዎን ነጠላ ብናረጥብስ?»

«የእኔ ሆድ ውስጥ ያለው እርጅና ነው። የሷ ነው የሚሻለው።»

ቤት ገብተን እናቴን ሲጠይቋት ነጠላውን ከሆዷ ፈታች፣ ሳመችው፣ አጣጥፋ በሁለት እጇ ለእኔ ሰጠችኝ። ለእሳቸው ብትሰጥ ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር።

ዥዋዥዌው አጠገብ ቆምን። እሳቸው በአንድ በኩል ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ በሌላው በኩል ሁለቱን ጫፍ ይዘናል። ነጠላው በመሃላችን ትንሽ ረግቧል። እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ይጸልያሉ። እኔም ጸለይኩ፤ እንዳይዘንብ ነበር የምጸልየው።

ዘነበ። መጀመሪያ አንዲት ጠብታ መሃሉ ላይ አርፋ ነጠረችና ተቀመጠች። ሌላ መጣች። ከዚያ መዓት ሆነ። ነጩ ነጠላ ላይ ጠብታዎቹ ይነጥራሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ይተላተማሉ፤ ሁለቱ አንድ፣ ሦስቱ አንድ እየሆኑ ወደረገበው ይወርዳሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼም አላውቅም። መልአኩ ለእናቴ የላከውን ውሃ እኔ መለስኩበት። ለእኔ የገባኝ ይኸው ነበር።

የእትዬ ስንዱ ከንፈር ቆመ። ዓይናቸውን ገልጠው ነጠላውን አዩት። ለጥቂት ጊዜ ኬሚስትሪው ሁሉ ከፊታቸው ጠፍቶ አንዲት የፈራች ሴትዮ ብቻ ቀረች፤ ውሃው እናቴን እምቢ ያለ መስሏቸው እንደነበር በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ጨርቁን አሸተቱ። ሁለቱንም ጫፍ በአንድ እጃቸው ጨብጠው በሌላው ማጉያቸውን አስጠጉና ብዙ አዩ። በመጨረሻ የነጠላውን ጠርዝ በጣታቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት።

«ሊያ።»

«አቤት።»

«ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«አምስት» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ሁሉንም ተናገርኩ። ኮሪደሩን፣ ውሃውን፣ አንድ ያገኘውን ነጠላ፣ ማድረቂያውን። አማርኛዬ መንገድ ላይ አለቀብኝና በስዊድንኛ ቀጠልኩ። ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ፤ ምክንያቱም እትዬ ስንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስዊድንኛ መለሱልኝ።

«ቀዩን ነው አረንጓዴውን?»

«አረንጓዴውን።»

«እርግጠኛ ነሽ? ደግመሽ ንገሪኝ።»

«አረንጓዴውን። ቀዩ ጋ እጄ አልደረሰም።»

እርጥቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። የነጠላውን ጫፍ ግን አለቀቁም። «ተመስገን» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እጄ አልደረሰም ትላለች እኮ! አምላኬ!» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለሩፋኤል አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ላይኛው መደርደሪያ ባዶ ነበር፤ ቀዩን ጣሳ ሌሊቱን ጫማቸው አጠገብ አሳድረው ወደ መርዝ መጣያው በመጀመሪያው አውቶቡስ ወስደውት ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ የማለቅሰው ስለ ጣሳው አልነበረም። «ውሃው አልገባም» አልኩ። «ለእማዬ የሚሆን የለም።»

እትዬ ስንዱ ቀና ብለው አዩኝ፣ ነጠላውን አዩት፣ ፊታቸው ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ምን የለም ትያለሽ? እይው እንጂ!»

አየሁት። ነጠላው በረገበበት መሃል ላይ ከየአቅጣጫው የተንከባለለው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ትልቅ ጠብታ ሆኗል። የሚያብለጨልጭ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ የሚሆን ውሃ።

«ነጠላው ቢጠጣው ኖሮ ጨምቀን ነበር የምናገኘው። በይ ቀስ ብለሽ ያዢ፤ ቆሞ ማልቀስ ሥራ አይሆንም። ደግሞ ለእናትሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

አሳንሰሩ ስለማይበቃን በደረጃ ወጣን። እሳቸው ከፊት ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ እኔ ከኋላ ክንዴ እስኪዝል ከፍ አድርጌ። ሦስት ፎቅ። አንድ ጠብታ ደረጃው ላይ አልፈሰሰም። በየመታጠፊያው እትዬ ስንዱ «ትንፋሽሽን ያዢ» ይሉኝ ነበር፣ ልክ ጎመኑ ዘንድ እንዳሉኝ።

እናቴ ሶፋው ላይ ቀና ብላ ጠበቀችን። ውሃውን ሳህን ላይ ቀስ ብለን ገለበጥነው። ከዚያ እትዬ ስንዱ ወደኔ አገጫቸውን ቀሰሩ፤ ተናገርኩ፤ በአማርኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩ። ውሃው እንዳይፈስብሽ ብዬ ነው አልኩ። እንዳለፈው እንዳይሆን።

እናቴ ወደ እትዬ ስንዱ ዞረች። «ማን ነገራት?»

«ማንም። የልጅ ጆሮ ውጤቱ አንድ ነው፤ ያፈሰሽበትን ሁሉ ይጠጣል።»

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «ሴት ነበረች» አለች። «እህትሽ ነበረች። ላንቺ መንገር ነበረብኝ። አቃተኝ።» ያለቀሰችው ያኔ ነው። እኔም አለቀስኩ፣ ግን የግቢው ዓይነት ለቅሶ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመውን ሌላ ሰው ሲይዝለት ደስታና ሐዘን እንዴት አብረው እንደሚመጡ ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ እናቴ ጣቶቿን ከሳህኑ ነክራ ሆዷን ረጨች። ቆዳዋ ላይ ጥቂት ጠብታዎች ቆሙ። ሦስታችንም እናያቸዋለን። ከውስጥ አንድ ነገር ገፋ አደረገ፤ ሁለት ጠብታዎች ተንሸራትተው ተገናኙና አንድ ሆኑ።

«አያችሁት?» አልኩ በሹክሹክታ።

እትዬ ስንዱ ነጠላውን አንስተው «ይህን በሙቅ ውሃ አጥቤ ሰሙን ላስለቅቀው» አሉ።

እናቴ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸውና ሆዷ ላይ መልሳ ጠመጠመችው። «እስኪወለድ አይታጠብም» አለች።

እትዬ ስንዱ የነጠላውን ጫፍ ጎኗ ላይ ሸጎጡላት።

ወንድሜ የተወለደው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ ከነሙሉ ጩኸቱ። ከሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ እትዬ ስንዱ የጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ማጉያቸውን ግን ሳያወልቁ፣ ገንፎ ይዘው መጡ። እናቴ ሕፃኑን ያን ነጠላ ላይ አስተኝታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸውና ዳይፐሩን ልትቀይር ፈታችው። ወንድሜ ጊዜ አላጠፋም። ሽንቱ ወደ ላይ ተወረወረ፣ ነጠላው ላይ ወርዶ ክብ ክብ ጠብታ ሆነ፣ ጠብታዎቹ ተንከባለሉ፣ ተገናኙ፣ አንድ ሆኑና በጥለቱ በኩል ቁልቁል ወርደው የእትዬ ስንዱ ቀሚስ ላይ አረፉ። ቀሚሱ ምጥጥ አድርጎ ጠጣው።

እትዬ ስንዱ የነጠላውን ጠርዝ በጣታቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉና ወደኔ ዞሩ።

«አምስት» አልኩ። «ቀሚስዎ ግን አንድ ነው።»

እናቴ ሳቀች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ሁለቱም እጆቿ አየር ላይ ነበሩ።